ቀን ግንቡ፣ ማታ ሰሌኑ፦ የሎጊያው ቤት የስራ ማስታወሻ

ጥር

ስራው ፕላን አውጥቼ የማሰራው መኖሪያ ቤት ነው፣ ቦታው ሎጊያ፣ አፋር ውስጥ ከሰመራ አጠገብ፣ የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚያድሩባት ከተማ። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው (ሰፈሩ በሙሉ እንደዛ ነው የሚጠራቸው እኔም ለመድኩት)፣ ድሮ ሹፌር ነበሩ አሁን ሱቅ አላቸው። ቤተሰቡ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ከፍየሎቹ ጋር ነው፣ እናታቸው እማማ ደግሞ ሁለቱም ጋ ናቸው፣ ሲመቻቸው ይመጣሉ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ። ሐጂ እጅ ላይ የነበረው ፕላን ሁላችንም የምናውቀው ኤል ሼፕ ነው፣ ሳሎን፣ ሶስት መኝታ፣ ፊት ለፊት ሰፊ የአሉሚኒየም መስኮት፣ 20 ሳንቲም ብሎኬት፣ ከላይ ቆርቆሮ። አዲስ አበባ ሰሚት ላይ ቢቆም ማንም ምንም አይለውም። ሎጊያ ላይ ግን ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ እዛ ቤት ውስጥ ሰው አይቀመጥም፣ በቃ አይቀመጥም። ማታ ከተማውን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ ያለውም የሌለውም አልጋውን አውጥቶ ግቢ ነው የሚተኛው፣ ያ ሁሉ ብር የፈሰሰበት መኝታ ቤት የሻንጣ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ሐጂ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ እንዳይሞቅ። ሁለተኛ ትልቁ ልጅ በቅርቡ ያገባል፣ እዛው ግቢ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ይፈልጋሉ ግን ለሱ ቤት የሚሆን ብር አሁን የለም። እማማ ፕላኑን ተቀብለው ገለባብጠው አዩትና በልጅ ልጃቸው በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፣ "ማታስ የት ነው የምንተኛው?" መኝታ ቤቶቹን በጣቴ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሻይ ቀዱልኝ።

የካቲት

ወረቀት ላይ ምንም መስመር ሳላሰምር እማማ ወደ ገጠር ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድኩ፣ ዳቦይታ ሲተከል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ስለፈለኩ። ለማያውቅ ዳቦይታ የአፋር አርብቶ አደር ቤት ነው፣ ሲፈለግ ፈርሶ ግመል ላይ ተጭኖ የሚሄድ። የሚሰሩት ሴቶች ናቸው፣ የሚያፈርሱትም እነሱ ናቸው፣ ቤቱም የነሱ ነው። ቀጫጭን እንጨቶች አንድ ጫፋቸው መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ሌላው ጫፍ ጎብጦ ከላይ ከወዲያኛው ጋር በገመድ ይታሰራል፣ አፅሙ ሲያልቅ ከዘምባባ ቅጠል የተሰራ ሰሌን ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይለብሳል። ወንዶቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ያዩ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

ዋናው ነገር ግን ከተተከለ በኋላ ነው የታየኝ። ቀትር ላይ እማማ በነፋሱ በኩል ያለውን ሰሌን ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው በእንጨት ደገፉት። ነፋሱ በዛ ስር ገብቶ ወለሉን ጠርጎ ይሄዳል፣ የሞቀው አየር ደግሞ ላይ ላይ በሽመናው ቀዳዳ ይወጣል። ነፋሱ ሲዞር ሄደው ሌላኛውን ወገን ገለጡ። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ትንሽ ቆይቼ ግድግዳውን ስነካው ቀዝቅዟል። የያዘው ነገር ስለሌለ የሚለቀው ነገር የለውም።

እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው በረሃ ከሆነ ግድግዳውን አወፍረው ነው። እውነት ነው፣ 40 ሳንቲም የአፈር ግድግዳ ሙቀቱን ወደ 10 ሰዓት ያህል ይዞ ያዘገየዋል። ይሄ ሌሊቱ ለሚቀዘቅዝ በረሃ ግሩም ነገር ነው ምክንያቱም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲደርስ ውጪው ስለቀዘቀዘ መስኮት ከፍተህ ታስወጣዋለህ። እዚህ ግን በሐጋይ (ከካርማ ዝናብ በፊት ያለው ክፉው ወቅት ነው) ሌሊቱም ይሞቃል፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ ግድግዳውን የመታው ፀሐይ እኩለ ሌሊት ላይ አልጋህ አጠገብ ይደርሳል። ስለዚህ ወፍራሙ ቤት ቀን ገነት ማታ ምድጃ፣ ሰሌኑ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ቀን ጥላ ብቻ ማታ ግን የሚተኛበት። የእማማ ጥያቄ ይሄ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፣ ሁለቱንም ሰርቶ ሰውየው እንደ ሰዓቱ እንዲንቀሳቀስ መንገዱን ማሳጠር ነው። ኤል ሼፑን እዛው ተውኩት።

የካቲት መጨረሻ

ፕላን። ቤቱ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ረጅም ሆነ፣ አጭሩ ጎን ብቻ ነው ጠዋትና ከሰዓት የሚመታው። ምዕራብ ጫፉ ላይ እቃ ቤት፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ደረደርኩ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በረንዳ አይመልሰውም ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው፣ እሱን የሚችል ሰው የማይቀመጥበት ክፍል ነው። መሀል ሁለት ወፍራም ክፍል ለቀን። ከዛ ወደ ምስራቅ ምሰሶና ጣራ ብቻ ያለው ዳስ፣ ግድግዳው ሰሌን፣ ለማታ።

ጥላው ላይ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነው፣ ደቡቡን አጥላ ሰሜኑን ተወው ይላል። ሎጊያ ወደ 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ማለትም በጣም በሚሞቀው ጊዜ። ደግነቱ ያኔ በጣም ከፍ ብላ ስለሆነ 2.6 ሜትር ግድግዳን ለማጥላት ግማሽ ሜትር ምናምን ክፈፍ ይበቃል። በደቡብ በኩል ግን ታህሳስ ላይ ወደ 55 ዲግሪ ከፍታ ዝቅ ስለምትል ያው ግድግዳ 1.8 ሜትር ይጠይቃል። ስለዚህ ደቡብ ላይ 2 ሜትር በረንዳ፣ ሰሜን ላይ ሰፋ ያለ ክፈፍ። በረንዳው የሚባክን ቦታ አይደለም፣ በጊላል (ቀዝቀዝ የሚለው ደረቅ ወቅት) ቀኑን ሙሉ የሚዋለው እዛ ነው።

በሩ አካባቢ ደግሞ ሐጂ የጨመሩት ነገር አለ። ከግቢው በር ገባ እንደተባለ ለእንግዳ የሚሆን ጥላ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ ግንብ፣ ከቤተሰቡ ጓዳ የሚጋርደው አጭር ግድግዳ። ለዳጉ ነው፣ ለአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል። ከሩቅ የመጣ ሰው ተቀምጦ ውሃ ወይ ወተት ተሰጥቶት ምን አየህ ምን ሰማህ ይባላል፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ። የቀድሞው ፕላን ላይ ያ ሰው በቀጥታ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የሚያርፈው፣ ሴቶቹ ደግሞ እሱ እስኪሄድ ማለፊያ የላቸውም።

የምሰሶውን ርቀት መጀመሪያ 3.5 ሜትር አድርጌው ነበር። እማማ ሰሌን ዘርግተው በክንድ ለኩና ለሁለት ሰሌን ሰፋ ለአንድ ጠበበ አሉ። ወደ 3 ሜትር አወረድነው፣ ሁለት ሰሌን በደንብ ተደራርቦ ይሸፍነዋል። ከዛ በኋላ ሙሉ ቤቱ በ3 ሜትር ሄደ፣ ወፍራሞቹም ክፍሎች።

ፈቃድ ጋ ትንሽ ተንገላታን። አንድ ቢሮ ሰሌን ግድግዳ አይባልም፣ ቋሚ ግንባታ ነው የምንፈልገው አሉን። ምሰሶው ብረት፣ መሰረቱ ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ መሆኑን አሳይተን ወረቀቱ ላይ "በረንዳ" ብለን ጻፍነው፣ አለፈ። ከቤቱ የሚሰፋ በረንዳ።

መጋቢት

አፈር። የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ነው የምንሰራው፣ በእጅ የሚጫን ማሽን ተውሰናል፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ የተፈጠረው የሲንቫ ራም ዘር ነው፣ ሳጥን፣ ክዳን፣ ረጅም የብረት እጀታ፣ ሌላ ነገር የለውም፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። መጀመሪያ ከአዋሽ በኩል የመጣ ደለል አየን። በጠርሙስ ውሃ በጥብጠን አስቀመጥነው፣ አሸዋው ወዲያው ወረደ፣ ጭቃው ግን እስከ ማግስቱ አልጠራም፣ ሸክላው ብዙ ነው። የባሰው ደግሞ ለሙከራ ያደረቅነው ቁራጭ ላይ ነጭ ነገር ፈላ። ጨው ነው። በመስኖ አካባቢ ያለው መሬት ጨው እንደሚያስቸግረው የታወቀ ነው፣ ጨው ያለበት ብሎኬት ደግሞ ፊቱ እየተላጠ ነው የሚያልቀው። መለስነው።

ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጉድጓድ ነው፣ አሸዋማ ነው ጨውም የለውም። 60 ሳንቲም ርዝመት 4 በ4 የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ እርጥብ አፈር ሞልተህ ታደርቀዋለህ፣ ከዛ ደርቆ ሲያጥር ከሳጥኑ ጫፍ ስንት እንደሸሸ ትለካለህ። ከ15 ሚሊሜትር በታች ከሆነ 1 ሲሚንቶ ለ18 አፈር ይበቃል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ 1 ለ16፣ ከ30 እስከ 45 ከሆነ 1 ለ14፣ እስከ 60 ከሆነ 1 ለ12፣ ከዛ ካለፈ አሸዋ ጨምር ወይ ሌላ አፈር ፈልግ። የኛ 1 ለ16 ላይ ወደቀ። የሲሚንቶ ዋጋ አሁን ባለበት ሁኔታ ይሄ ሳጥን ከኢንጂነሩ በላይ ብር ያድናል።

እዚህ ሀገር የብሎኬት ጠላት ውሃ ማነስ ነው። ከማሽኑ የወጣው ብሎኬት ሜዳ ላይ ከተተወ ከሰዓት ሳይደርስ ደርቆ ያድራል፣ ሲሚንቶው ሳይዝ ማለት ነው፣ ጥፍርህን ብትሰድበት ይፈረፈራል። ስለዚህ ጥላ ስር፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ ፕላስቲክ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ፣ ቢያንስ ሳምንት። ከዛ ተደርድሮ እስከ 28 ቀን ይቆያል። ልጆቹ መጀመሪያ ብሎኬት የሚያጠጣ እብድ ብለው ሳቁብን። በኋላ ሁለቱን ብሎኬቶች፣ የጠጣውንና ያልጠጣውን፣ ከወገብ ከፍታ ለቀቅናቸው፣ ያልጠጣው ዱቄት ሆነ፣ ከዛ ወዲህ የሚያጠጡት ራሳቸው ናቸው።

መጋቢት መጨረሻ

ጣራው ጉልላት ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ክርክር ነበረን፣ ስራውን አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ ጉልላት ፈላጊ ነው፣ እንጨት አይፈልግም ብረት አይፈልግም፣ የዳቦይታንም ቅርፅ ያስታውሳል ይላል። ግብፃዊው ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉክሶር አጠገብ ኒው ጉርናን በጭቃ ጡብ ጉልላትና ቅስት ሰርቶ ዓለም አድንቆታል፣ እንዲኖሩበት የታሰበላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ አልገቡም፣ ከብዙ ምክንያቶቹ አንዱ ጉልላት ለነሱ የመቃብር ነገር መሆኑ ነው ይባላል። እኔ ግን ከዛም በፊት ሌላ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። እዚህ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሰርዶ የምትባለው ከተማ ከዚህ ሩቅ አይደለችም፣ መጋቢት 1961 በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። መስከረም 1998 ዳባሁ እሳተ ገሞራ ጋ መሬቱ ወደ 60 ኪሎሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ፣ 2017 ላይ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ስንት ሰው ነው ከቤቱ የወጣው። ዳቦይታ ሲንቀጠቀጥ ይወዛወዛል እንጂ ማንንም አይገድልም፣ የአፈር ጉልላት ግን ከነክብደቱ ይወርዳል። ቅርፁን ወስደህ ጥበቡን ከተውከው ምን ዋጋ አለው። ጓደኛዬ አኮረፈ፣ ጣራው ቀላል ሆነ።

ግድግዳው ላይም እንደዛው፣ ከመሰረቱ በላይ አንድ የኮንክሪት ቢም፣ ከበርና መስኮት በላይ ሌላ ዙሪያውን ሳይቆረጥ የሚዞር፣ በየማዕዘኑና በየበሩ ጎን ቁም ፌሮ ሁለቱን የሚያያይዝ። ሐጂ ፌሮው በዛ አሉ። ሰርዶን ራሳቸው አነሱና ራሳቸው ዝም አሉ።

ሚያዝያ

ከንጋት 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከዛ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና። መሀሉ ላይ የሚሰራ ሰው የለም፣ ከኮምቦልቻ የመጡት ግንበኞችም ቶሎ ገባቸው። መሰረቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ እሱ እንኳን በሽ ነው። ግድግዳው ሁለት ብሎኬት ጎን ለጎን ሆኖ ከነልስኑ ወደ 32 ሳንቲም ይመጣል፣ ውጪው ኖራ ተቀባ፣ ነጭ።

የወደፊቱ ቤት እንዲህ ነው የታሰበው። ከምስራቁ ወፍራም ክፍል ወደ ዳሱ የሚያሳልፍ በር ቦታ አሁኑኑ ተሰርቷል፣ ከላይ ቢሙ ተሸክሞታል፣ ጎንና ጎኑ ፌሮ አለው፣ ክፍተቱ ግን በብሎኬት ተደፍኗል፣ የተደፈነበት ሞርታር ሲሚንቶ የሌለው ጭቃ ብቻ ነው። ልጁ ሲያገባ አንድ ሰው በመሮ በግማሽ ቀን ያወጣዋል፣ ብሎኬቱም ሳይሰበር ለአዲሱ ግድግዳ ይሆናል። የዳሱ ምሰሶዎች መሰረትም በመሀላቸው ግድግዳ እንዲሸከም ሆኖ ከአሁኑ ተያይዟል። ይሄ ሁሉ የጨመረው ወጪ ትንሽ ነው፣ በኋላ ከማፍረስ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። ልጁ መጥቶ የተደፈነውን በር አይቶ ሳቀና "ሚስቴ ገና እሺ ሳትል በር ሰራችሁልኝ" አለ።

የዳሱ ማገሮች ፕሮሶፒስ ናቸው። አፋሮች "ደርጊ ሐራ" ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ፣ በዛ ዘመን የመጣ ስለሆነ። ግጦሹን በላው፣ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው በበጠጣቸው ዘሩን ያዳርሳሉ፣ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። እንጨቱ ግን ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለ ማግኘት ነው ችግሩ፣ ከአንድ ጭነት ጥቂቱ ነው የሚሆነው የቀረው ለከሰል። ጫፎቹን ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው፣ መሬትም አይነኩም፣ ብረት ጫማ ላይ ነው የተቀመጡት። ሰሌኑ ነው የተወደደው። ዘምባባው እየራቀ ነው ይላሉ እማማ፣ በየቦታው ሰሌኑን ፕላስቲክ ሸራ ተክቶታል፣ ሸራ ደግሞ ነፋስ አያሳልፍም፣ ስሩ መተኛት ፌስታል ውስጥ መተኛት ነው። እማማና ጎረቤቶቻቸው እንዲሰሩት ከፈልን፣ እንደ አናፂው በስራው ልክ። ይሄንን ሐጂ አልወደዱትም ነበር፣ እናቴ ለቤቷ ትከፈላለች ወይ ብለው፣ እማማ ግን ብሩን ቆጥረው ተቀብለዋል።

ግንቦት

ጣራ ገባ። ከላይ ቆርቆሮ በቱቦላሬ ላይ፣ ከስሩ አንድ ክንድ ባዶ ቦታ በሁለቱም ጎን ክፍት (ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ተደርጎበታል)፣ ከዛ ኮርኒሱ ሰሌን በማገር ላይ። የቆርቆሮው ላይ ነጭ ቀለም። እኩለ ቀን ላይ መሰላል ወጥቼ የቆርቆሮውን ሆድ ልነካ ስል እጅ አያስጠጋም፣ ከስሩ ያለው ሰሌን ላይ ግን መዳፌን አሳርፌ ቆየሁ። መሀሉ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ነው ስራውን የሚሰራው፣ ያለምንም መብራት። የጣራው ማሰሪያ በወፍራም ሽቦ እስከ ቢሙ ድረስ ወርዷል፣ ሁለት ጣራ ማለት ነፋስ ሁለት ቦታ ይይዝሃል ማለት ነው።

ሮቶውን ጣራ ላይ አልሰቀልነውም። ሎጊያ ውስጥ ቀትር ላይ ቧንቧ የከፈተ ያውቃል፣ ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ካዋልከው የሚወርደው ውሃ ለሻይ ይሆናል። ምዕራብ ጫፍ ላይ ከእቃ ቤቱ በላይ በጥላ ስር ገባ።

ሰኔ፣ ሐጋይ ላይ

ቤተሰቡ ገብቷል። ቀን ከ5 እስከ 11 ሰዓት ወፍራሞቹ ክፍሎች ውስጥ ናቸው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው መዝጊያው እንጨት ነው፣ ጨለም ይላል፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተዘርረው ይተኛሉ። ወደ ማምሻው በርና መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል ሰውም ወደ ዳሱ ይወጣል። ፋኑን ዳስ ውስጥ ነው የሰቀልነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ የሰሌኑ ታች ይገለጣል። ወፍራሙ ክፍል ሌሊት ላይ እንዳሰብኩት ይሞቃል፣ ማንም ግን እዛ ስለሌለ ማንንም አይረብሽም። አልጋ መጎተት ለማቆም አልጋዎቹ ሁለት ቦታ ሆኑ፣ ቀን ፍራሽ መሬት ላይ፣ ማታ ዳስ ውስጥ የገመድ አልጋ።

እማማ አንድ ነገር ቀይረዋል። ሰሌኖቹን ከላይ ወደ ታች የሚጠቀለሉ አድርጌ ነበር የሰራኋቸው፣ እሳቸው አንዱን ወገን ገልብጠው ከታች ወደ ላይ የሚነሳ አደረጉት፣ ነፋሱ ወለል ላይ እንዲገባ። የተቀሩትንም እንደሳቸው አደረግናቸው።

ሐምሌ

የካርማ የመጀመሪያው ነፋስ ከነአቧራው ማታ ላይ መጣ። ሁለት ሰሌን ከማሰሪያው ወጣ፣ ጣራው አልተነቃነቀም። ማሰሪያውን በወፍራም ገመድ ቀይረን ታች በኩል መወጠሪያ ጨመርን። ዝናቡ ከአቧራው ኋላ መጣ፣ ከበረንዳው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ስር አፈር እየረጨ ስለሆነ ዙሪያውን ጠጠር መሙላት አለብን፣ አሸንዳ ለመግጠምም ላሜራ ታዟል።

ሰርጉ ከክረምቱ በኋላ ነው። ጥቅምት ላይ ብሎኬት ማሽኑን እንደገና እናወጣለን፣ አፈሩ ከዛው ጉድጓድ ነው፣ ሲሚንቶው በዛን ጊዜ ስንት እንደሚገባ አላህ ነው የሚያውቀው። ያልተፈታው የዳሱ የትኛው በኩል ለልጁ ይገንባ የሚለው ነው። ልጁ የምስራቁን ጫፍ ይፈልጋል፣ ነፋሱ የሚሻለው እዛ ነው። እማማ ደግሞ አልጋቸውን እዛው ጫፍ ላይ አድርገው ሰሌኑንም በራሳቸው እጅ አስረዋል። ሐጂ በኔ ሊያስፈርዱ ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ እማማ ባሉበት አፌን አልከፍትም፣ ሁለቱንም አማራጭ ስዬ ሰጥቻቸዋለሁ።